ዝም ያለው ጠላ ቤት

ሰኞ፣ ግንቦት 6 ቀን 1965

ጣሳውን አወረደችው። ዛሬ ጧት፣ ገና ፊቴን ሳልታጠብ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በረጅሙ እንጨት ጫፍ ተደፍቶ «እዚህ ጠላ አለ» ሲል የኖረውን ጣሳዬን አውርዳ፣ እንጨቱን ለማገዶ ፈለጠችው። ጣሳዬ አልኩ እንዴ? የሷ ነው እንጂ! ቤቱን ከነመደቡ፣ ከነጋኑ፣ ከነእንጨቱ ሸጬላታለሁ። የቀረችኝ ከኋላ ያለችው ጓዳ ናት፤ እሷንም ለምኜ ነው ያስቀረኋት። አንድ የጭቃ ግድግዳ ብቻ ነው የሚለየን።

የሸጥኩት በመጋቢት ነው። ለብቅል የሚሆን ገብስ ጠፍቶ፣ ጌሾው ደርቆ፣ ጋኑ ባዶ አፉን ከፍቶ ሲያየኝ ምን ላድርግ? ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይላሉ። ይቆጨኛል፤ ምን እዋሻለሁ። ቤቴን እፈልገዋለሁ። ሌሊት ተኝቼ ሳይቀር መደቤን በእጄ እየዳሰስኩ የምለቀልቅ ይመስለኛል። ይሄን ለሰው አልናገርም። አባቴ መሪጌታ ሆነው ፊደል ባያስቆጥሩኝ ኖሮ ለማን እነግረው ነበር?

ሴትዮዋ ብርክቲ ትባላለች። ከማይጨው ወዲያ ካለ አገር ነው የመጣችው። ረጅም፣ ከሲታ፣ ራሷን የተላጨች፣ ሐዘንተኛ መሆኗ ከሩቅ የሚታይ። የማን ሐዘን እንደሆነ ግን ማንም አልጠየቃትም። ከፋሲካ በኋላ ከጭነት መኪና ላይ ስድስት ጆንያ ማሽላ ስታስወርድ ቆቦ ሁሉ አየ። ስድስት ጆንያ! በዚህ ጊዜ! ደንበኞቼ ምራቃቸውን ዋጡ። ጠላ ሊጠመቅ ነው ተባለ።

ዛሬ አያ ደምሴ ገባላት። የከብት ደላላ ነው፤ የሚደለል ከብት ባይኖርም ዱላውን ይዞ ገበያውን ይዞረዋል። ከበሩ በስተቀኝ ያለው መደብ የሱ ነው፤ በኔ ጊዜ ሌላ ሰው ተቀምጦበት አያውቅም። ታዲያ ምን ብታቀርብለት ጥሩ ነው? ጠላ በሲኒ! በቡና ሲኒ! ያውም ውሃ የመሰለ ጠላ። ያውም ሳትቀምስ። በኛ ዘንድ አሳላፊዋ መጀመሪያ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ትቀምሳለች፤ መርዝ የለበትም፣ እኔም ጠጥቼዋለሁ ማለቷ ነው። ያልተቀመሰ ጠላ ማን ይጠጣል? «ቅመሺው እንጂ!» ቢላት «እኔ አልቀምስም» አለችው። ሲኒውን መደቡ ላይ ደፍቶባት ወጣ። በቀጥታ ወደኔ መጥቶ ነው የነገረኝ፣ እየተሳደበ።

እኔ በልቤ እሰይ አልኩ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ አልኩ።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 7

ሃምሳ ነው፤ ጾም የለም። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕም ዓርብም አይጾምም። እስቲ ይሄንን መንገድ ዳር ለተቀመጠው ሰው ንገሩት! ከደጋው የወረደው፣ ከዞብል የመጣው፣ ከየትም የመጣው ሁሉ መንገዱ ዳር ፈሷል። ከሮቢት እስከ ዋጃ እንዲሁ ነው ይላሉ ሾፌሮቹ። አንድ ዘበኛ ደግሞ ዱላ ይዞ «እዚህ እንዳትሰበሰቡ፣ መኪና እንዳያያችሁ» እያለ ያባርራቸዋል። የት ይሂዱ? እሱን አይነግራቸውም።

የኔዎቹ ደንበኞችም አልቀዋል። ሸማኔው ወደ ሁመራ ሄደ፤ ወሬው የለም። ሁለቱ ወንድማማቾች ወደ ጎብዬ እንደወረዱ ቀሩ። መምሬ ከቤታቸው አይወጡም። እግሩን ያነክስ የነበረው ዘፋኝ በዳግማይ ትንሣኤ ሞተ። ከአሥራ ምናምን ሰው የቀረው ደምሴ ነው።

ግን ዛሬ ብዕር ያነሳሁት በሱም አይደለም።

ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ከግድግዳው ማዶ ሰው መግባት ጀመረ። ባዶ እግር ነው፣ ይጎተታል። ዱላ መሬት ይነካል። መደቡ ላይ ሰው ሲቀመጥ ጭቃው ሽርፍርፍ ሲል እሰማለሁ፤ የቤቴን ድምፅ አጥቼው! አሥር ሆኑ። አሥራ ሁለት። ቤቱ ሞላ።

እና ዝም።

ጠላ ቤት እኮ ነው! ሦስት ሰው ከተቀመጠ አንዱ ይዋሻል፣ አንዱ ይሳደባል፣ አንዱ ያንጎራጉራል። እዚህ ሳል እንኳን የለም። ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ። የሰው ትንፋሽ ግን አለ፤ ብዙ ትንፋሽ።

ከዚያ የሷ ድምፅ መጣ። «አሁን።»

ሲኒዎቹ ባንድ ጊዜ ከመደቡ ተነሱ።

«በቃ።»

ባንድ ጊዜ ተቀመጡ። ከዚያ ምንም። ሽሮ ተሠርቶ የሚወጣበት ያህል ጊዜ ምንም። ደግሞ እንደገና «አሁን»። ደግሞ «በቃ»። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስድስት ጊዜ ቆጠርኩ። በጠራራ ፀሐይ በሬን ቀርቅሬ አማተብኩ። የጌሾ ሽታ ደግሞ የለም። እሳት አለ፣ ጭስ አለ፣ ጠላ ግን አይሸትም። ምንድነው የምታጠጣቸው?

ረቡዕ፣ ግንቦት 8

የሚገቡትን አየኋቸው። በፊት በር አይደለም። ከኋላ፣ በደረቀው ቦይ አድርገው በቁልቋሉ መሃል አንድ በአንድ ይመጣሉ። መንገድ ዳር ያሉት ሰዎች ናቸው። እሷ ቆማ ትጠብቃለች፤ እጃቸውን ይዛ ታስገባለች። አይነጋገሩም። ወደኋላም አያዩም። አሥራ አራት ቆጠርኩ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስንት ወጡ? አሥራ አንድ። እስከ አሥር ሰዓት ከበሬ ሳልነሳ ጠበቅሁ፤ ሦስቱ አልወጡም።

ለአያ ደምሴ ነገርኩት። ዓይኑ በራ። «አላልኩሽም፣ እቴ የሺ? የማትቀምስ ሴት! ሰው ልትስብበት ነው ማሽላውን የጫነችው።»

ስባ ምን ታደርጋቸዋለች አልኩት።

«እሱን እሷና የምታድርለት ያውቃሉ» አለኝ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅበት ነበር። ዛሬ አልሳቅሁም። ጅብ በቀን ይሄዳል፣ ውሾቹ መጮህ ትተዋል፣ የጠገበ አሞራ ዛፍ ላይ ተቀምጦ አይነሳም። በዚህ ላይ አንዲት ሴት ሰው ብትስብ ምኑ ይገርማል?

አሥራ አንድ ሰዓት ግድም ራሷ መጥታ በሬን አንኳኳች። ከመጣች ጀምሮ እንዲህ ቀርባኝ አታውቅም። «እትዬ የሺ፣ አሮጌ ነጠላ ይኖርሻል?» አለችኝ። ለምን ብላት ለመጠቅለያ አለች። ምን ልትጠቀልይ ብላት እጇን ዘረጋች። ዓይኗ ደረቅ ነው፤ ስታይ አይርገበገብም። እናቴ የፈተለችውን ነጠላ አውጥቼ ሰጠኋት። ለምን እንደሰጠኋት እኔ ራሴ አላውቅም። ከፍርሃቴ ብዛት ነው መሰለኝ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 9

ዛሬ ያደረግሁትን አባቴ ቢያዩ ያፍሩብኝ ነበር። ግድግዳው ላይ ድሮ ከጓዳ ወደ ቤት ጠላ የማሳልፍበት መስኮት ነበረ፤ ስሸጥ በጭቃ ደፈንኩት። ጧት ብርክቲ ውሃ ፍለጋ ወደ ጎሊና ወንዝ ስትወርድ በማንኪያ ጫር ጫር አድርጌ አንድ ጣት የምታስገባ ቀዳዳ አወጣሁ።

ስድስት ሰዓት ሲሆን እግሮቹ መጡ። መደቡ ሽርፍርፍ አለ። ዝም ሲሉ ቀስ ብዬ ዓይኔን ቀዳዳው ላይ አደረግሁ።

ዓይን!

ከዓይኔ አንድ ክንድ የማይሞላ ቦታ ላይ የሰው ዓይን። አየኝ። አልጮኸም፣ አልደነገጠም፣ አልራቀም። ፊት አለ፣ ፊቱ ላይ ግን ምንም የለም። እኔ ነኝ በቂጤ የወደቅሁት። ብዙ ቆይቼ እንደገና ሳይ ሰውዬው እዚያው ነው። ያኔ ገባኝ፤ መደቡ ላይ እግራቸውን አጥፈው ሁሉም ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተቀምጠዋል። ዙሪያውን፣ ሁሉም፣ እንደተቀጣ ተማሪ። አንድም ወደ መሃል የሚያይ የለም። የደምሴ ቦታ ላይ አንዲት ጨርቅ የመሰለች ሴት ተቀምጣለች።

በሰውዬው ትከሻ ላይ አሻግሬ አየሁ። ብርክቲ መሃል ላይ ቆማለች። ከጎኗ ድስት አለ፤ ትልቅ ድስት፣ እስከ አፉ ሙሉ፣ እንፋሎቱ ይወጣል። የማሽላ አጥሚት። ጭልፋውን ይዛ ትዞርና ለየሲኒው ታንጠባጥባለች። አልቀዳችም፣ አንጠባጠበች! «አሁን» ስትል ይጠጣሉ። «በቃ» ስትል ያስቀምጣሉ። አንዱ ሽማግሌ ሲኒውን ሲልስ ቀማችው። አፉን ከፍቶ አለቀሰ፤ ድምፅ የለውም። ከዚያ ድስቱን ከደነችውና አጠገቡ ቁጭ አለች።

ሙሉ ድስት! የራበው ሰው ቤት ሙሉ ተቀምጦ፣ ሙሉ ድስት ከድኖ መቀመጥ! ጭካኔ አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ግን አላየሁም። ወይ ትጫወትባቸዋለች፣ ወይ ደምሴ እንዳለው ነው። ፍርሃቴ ጠፋና ተናደድኩ። በኔ ቤት እንዲህ ይደረጋል? እኔ እንግዳ ጽዋው ጎደል ሲል ሳልጨምር የዋልኩበት ቀን የለም። በቃኝ ያለውን ሰው እንኳ በአማላጅ ነበር የማጠጣው።

ዓርብ፣ ግንቦት 10

ደስ ብሎኛል። ከስንት ጊዜ በኋላ።

ሰውዬው መጣ፤ ያ ከቀዳዳው ማዶ ያየኝ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከነብርክቲ ቤት ሲወጡ ሌሎቹ ወደ ቦዩ ሲሄዱ እሱ ግድግዳውን እየተደገፈ ዞሮ በሬ ላይ ቆመ። ዓይኔን አስታውሶ ነው። ስሙ ካሳው ነው፤ ከላስታ በኩል እንደመጣ ነገረኝ። ሚስትና ሁለት ልጅ ነበሩኝ አለ። የት ናቸው አላልኩትም።

ጎትቼ አስገባሁት። ለራሴ ደብቄ ያቆየኋት አንድ ቁና የማትሞላ የሽምብራና የገብስ ዱቄት ነበረችኝ፤ ግማሿን አነሳኋት። ያበላሁት ይኸውና፦ ሦስት ቂጣ፣ ወፈር ወፈር ያሉ። ቤቱን ስሸጥ ከጋኑ ስር ጨልፌ ያስቀረኋት አተላ፣ በውሃ በጥብጬ። ጨው ነካ የተደረገ በርበሬ። አንዱን ቂጣ በልቶ እጁን ሰበሰበ፤ ቀስ ልበል፣ ሴትዮዋ ቀስ በሉ ብላናለች አለኝ። ሴትዮዋ! ደሜ ፈላ። «የሷን ነገር ተወው! በሞቴ! አፈር ስሆን!» እያልኩ በእጄ አጎረስኩት። አንድ ጉርሻ ያጣላል ብዬ ሁለተኛ፣ ለሥላሴ ብዬ ሦስተኛ። እንባው በጢሙ እየወረደ በላ። ሁሉንም በላ። እግሬን ሊስም ጎንበስ ሲል ከለከልኩት።

«እንደ እናቴ ቤት» ብሎኝ ሄደ።

እኔ ብርክቲን አሸነፍኳት። ግድግዳውን አየሁና ጮክ ብዬ «ሰው እንዲህ ነው የሚበላው!» አልኩ። ሰምታኝ ከሆነ ትስማኝ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 11

ካሳው ሞቷል።

ቢከብደኝም እጽፈዋለሁ። ጧት ሦስት ሰዓት ላይ ቁልቋሉ ስር አገኙት፤ ከብርክቲ የኋላ በር አሥር እርምጃ ላይ። ሆዱን በሁለት እጁ እንደያዘ ነው። ሆዱ ከበሮ አክሏል። አፉ ዳር አረፋ ደርቋል። አያ ደምሴ ሰው ሰብስቦ መጣ። እንዲህ ዓይነት ሞት የመርዝ ነው አሉ፤ ርሃብ እንዲህ አያሳብጥም። ያልተቀመሰ ነገር ያጠጣችው ማን ነው? እሷ!

ምክር ያዙ፤ በኔው ጓዳ። ነገ ሚካኤል ነው። ከቅዳሴ መልስ ጋኗን ሰብረው፣ ማሽላዋን ተካፍለው፣ እሷን በመጣችበት የጭነት መኪና ላይ ሊጭኗት ነው። አንዱ «ሳትደበደብማ አትሄድም» አለ፤ ማንም አልተቃወመውም። ደምሴ፣ ሐሙስ ያየሁትን ነግሬው ነበርና፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «አንቺ በቀዳዳ ያየሽውን ተናገሪ፣ ሌላ ምንም አይደለም። እሷ ከሄደች ቤቱን የሚጠይቅ የለም። ተመልሰሽ ትገቢያለሽ» አለኝ።

እሺ አልኩት። እውነቱን ነው የምጽፈው፤ ሳላመነታ ነው እሺ ያልኩት። ጣሳውን መልሼ ስሰቅል ታየኝ። ቂጣዬ ትዝ አላለኝም። ሰው በሦስት ቂጣ ይሞታል ብሎ የሚያስብ ማን አለ?

እነሱ ሲሄዱ ከግድግዳው ማዶ በቀዳዳው ድምፅ መጣ። ለካ ቀዳዳዋን ታውቃለች።

«ሓፍተይ» አለችኝ፤ እህቴ ማለቷ ነው። «ትላንት አብልተሽዋል?»

አዎ፣ አንቺ ስላላበላሽው አልኳት።

«ምን አበላሽው?»

ነገርኳት። ከዚያ ልጅ እንደነበራት ነገረችኝ፤ ፀጋይ ይባላል፣ ሰባት ዓመቱ። እህል ፍለጋ ሄዳ በአሥራ አንደኛው ቀን ማሽላ ይዛ ስትመለስ በሕይወት አገኘችው። ገንፎ አገነፋች። «ብላ አልኩት፣ በላ። ጨምር አልኩት፣ ጨመረ። አፉ ውስጥ ያለውን ሳይውጠው ሞተብኝ። ሁለተኛው የጎረቤቴ ልጅ፣ እሱም እንዲሁ። ሦስተኛዋን አጥሚት በጠብታ በጠብታ ሰጠኋት፣ እሷ ዳነች። የደረቀ አንጀት ነው፣ ሓፍተይ። እህል ሲወድቅበት ይሞታል። በሲኒ፣ በሲኒ፣ ሳምንት ሙሉ፣ ከዚያ ነው ቂጣ።»

ለምን ወደ ግድግዳ አዞርሻቸው አልኳት። ድስቱን እያዩ መታገሥ አይችሉም፣ ተነስተው ይወድቁበታል አለች። ዝምታውስ? ጉልበት የላቸውም፤ ዘበኛውም እንዳይሰማ። ያልወጡት ሦስቱስ? መንቀሳቀስ የማይችሉትን እልፍኝ ውስጥ አስተኝታቸዋለች። ረቡዕ ለት ሁለቱ ሞቱ፤ በናቴ ነጠላ ገንዛ ቤተ ክርስቲያን አስቀበረቻቸው። ጠላውን በየገበያው ቀን በጥቂቱ የምትጠምቀው ጠላ ቤት ነው እንዲባል ነው፤ ዘበኛው የተራበ ሰው መሰብሰቢያ መሆኑን ካወቀ ይዘጋዋል። ጣሳውን ያወረደችው ጠጪ እንዳይበዛባት ነው። የማትቀምሰውም በልጇ ሞት ለማርያም ተስላ ነው፤ ለሰው ከምትሰጠው እህል አንድ ጠብታ በአፏ ላታዞር።

ይሄን ሁሉ ስትነግረኝ አላለቀሰችም። አልወቀሰችኝምም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። «ነገ ሊመጡብኝ እንደሆነ ሰምቻለሁ» ብላ ሄደች። ምን ልታደርጊ ነው አልተባባልንም።

እንግዲህ ካሳውን የገደልኩት እኔ ነኝ። በሞቴ እያልኩ። እንደ እናቴ ቤት ያለኝ ጆሮዬ ላይ አለ፣ አይወጣም።

ነገ ዝም ካልኩ ቤቴን አገኛለሁ። ዝም ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅብኝ። ደግሞ ብናገር ማን ያምነኛል?

እሑድ፣ ግንቦት 12

ቅዳሴ አልሄድኩም። በሬ ላይ ተቀምጬ ጠበቅኋቸው። ሃያ ያህል ሆነው መጡ፤ ግማሾቹን አላውቃቸውም። ማሽላ አለ ሲባል የማያውቁት ሰው ሁሉ ይመጣል። ደምሴ ከፊት ነው፣ ዱላውን ይዞ። የፊቱ በር ዝግ ነው። «ነይ ውጪ!» ብሎ ጮኸ። ከውስጥ እንደወትሮው ዝም። ከዚያ ወደኔ ዞረና፣ «ይቺ ሴት ጎረቤቷ ናት፣ ያየችውን ትናገር» አለ።

ግድግዳውን ይዤ ቆምኩ። የጀመርኩት በምን እንደሆነ አላስታውስም። ካሳውን ያበላሁት እኔ ነኝ አልኩ። ሦስት ቂጣ፣ አተላ፣ በርበሬ፣ ሁሉንም ዘረዘርኩት። አንጀቱ የደረቀ ሰው መሆኑን አላወቅሁም፤ አልበላም ሲል በሞቴ ብዬ አጎረስኩት አልኩ።

ደምሴ ክንዴን ጨበጠኝ። «አብደሻል እንዴ? ቤትሽ ሊመለስልሽ ነው እኮ!» አለኝ በለሆሳስ።

«ቤቱ ይቅርብኝ፣ አያ ደምሴ። ልቀቀኝ» አልኩት። ድምፄ የኔ አልመስልሽ አለኝ።

አንዲት ሴት ከኋላ «ነፍሰ ገዳይ» አለች። ለኔ ነው። አንዱ ወጣት ደግሞ ውሸቷን ነው፣ ተመሳጥረዋል፣ መርዙ ያለው ጋኑ ውስጥ ነው ብሎ በሩን በእርግጫ መታ። በሩ ተከፈተ።

እሱ አልከፈተውም። ከውስጥ ነው የተከፈተው።

ብርክቲ አይደለችም የወጣችው። እነሱ ናቸው። የደምሴ መደብ ላይ የነበረችዋ ሴት መጀመሪያ፣ ከዚያ ያ ሲኒ የላሰው ሽማግሌ፣ ከዚያ ሌሎቹ። አንድ በአንድ ወጥተው በሩን ተደግፈው ቆሙ። ሲኒያቸውን በእጃቸው ይዘዋል። ቀጥ ብለው ቆመው አዩን። አሥራ ምናምን ሰው፣ አንድ ቃል የለም። ፀሐይዋ አናታችን ላይ ናት፤ ጥላ እንኳ የላቸውም። ያ በሩን የመታው ልጅ እግሩን እያየ ወደኋላ ሄደ። ማንም ማንንም ሳይነካ ሃያው ሰው መፈግፈግ ጀመረ። እኔም ፈራኋቸው። ሰው እንደሆኑ እያወቅሁ፣ ምን እንደሚጠጡ እያወቅሁ ፈራኋቸው።

ሽማግሌው ነው ዝምታውን የሰበረው። ድምፁ እንደ ገለባ ነው። «ስድስተኛ ቀኔ ነው። ነገ ቂጣ ይሰጠኛል» አለ።

ደምሴ መሬቱን በዱላው ቆረቆረ። ከዚያ «ሬሳው እስካሁን አልተነሳም አይደል?» አለ፣ ለማንም ሳይሆን። ሦስት ሰው ይዞ ወደ ቁልቋሉ ሄደ። ሌላው ተበተነ። ካሳውን ከሰዓት በኋላ ቀበሩት፤ እኔም ተከትዬ ሄድኩ። የሚያለቅስለት ስላልነበረ እኔ አለቀስኩለት። ነፍሰ ገዳይ ያለችኝ ሴትዮ አጠገቤ ቆማ ነበር።

ሰኞ፣ ግንቦት 13

ብርክቲ ጧት መጥታ ሌላ ነገር ሳትል፣ «ውሃ ልቀዳ ነው፤ ዛሬ አንቺ ቁሚ» አለችኝ። በቤቴ በር ገባሁ። የሷ በር። ምንም አልተሰማኝም ብል ውሸት ነው፤ መደቡን ዳሰስኩት፣ ሳይለቀለቅ ከርሟል። ከዚያ ድስቱን ጣድኩ።

አሥራ ስድስት ነበሩ። ሽማግሌው ቂጣውን አገኘ፤ ግማሽ፣ መዳፍ የምታክል። እያየ እያየ ቆይቶ በላት። እሰይ! ትላንት ማታ መንገድ ዳር የወደቁ ሁለት አዲስ ሰዎችም መጡ። አንዷ ልጅ ናት፤ ስድስት ዓመት ይሆናታል፣ እናቷ ሮቢት ላይ ቀርታለች አሉኝ። ቀርታለች ሲሉ ምን ማለታቸው እንደሆነ ታውቁታላችሁ።

ይሄ ሥራ እንዲህ ይከብዳል ብሎ ማን ይገምታል? ጭልፋው እጄ ላይ ነው፣ ድስቱ ሙሉ ነው፣ እጄ ራሱ ሊሞላው ይሄዳል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጨምሩ፣ ድገሙ፣ በሞቴ ሲል የኖረ አፍ «በቃ» ሲል ይንተባተባል። መጀመሪያ ላይ ዘገየሁ፤ አንዱ ሁለት ጊዜ ተጎነጨ። ቀኑን ሙሉ ሆዱን ሳይ ዋልኩ፤ ደህና ነው።

ልጅቱ ሲኒዋን አልለቅም አለች። ሁለት ጣት የማትሞላ አጥሚት ነበረች የሰጠኋት። በሁለት እጇ ይዛ በጥርሷ ነክሳው ነበር። ጣቶቿን አንድ በአንድ አላቀቅኋቸው፤ የክብሪት እንጨት ናቸው፣ የሚሰበሩ መስሎኝ ፈራሁ። ሲኒውን ስቀማት ቀና ብላ አየችኝ። ሌሎቹ ዝም ነው የሚሉት፣ እሷ ግን አፍ አላት።

«አንቺ ክፉ» አለችኝ። «እማዬ ብትኖር ሁሉንም ትሰጠኝ ነበር።»

እውነቷን ነው። ትሰጣት ነበር።

እኔም ዓርብ ለት ብትመጣ ሁሉንም እሰጣት ነበር። ይሄን ልነግራት አልችልም። ድስቱን ከደንኩት፣ አጠገቡም ቁጭ አልኩ። ብርክቲ ከውሃ ስትመለስ እንስራዋን አውርዳ ከጎኔ ተቀመጠች።

አሁን አሥራ አንድ ሰዓት ሆኗል። ልጅቱን ጓዳዬ አምጥቼ አጠገቤ አስተኝቻታለሁ። የምጽፈው በአንድ እጄ ነው፤ ሌላው ሆዷ ላይ ነው። ሲያብጥ እንዳይ፣ ሲበርድ እንዳውቅ። ትንፋሿ አለ፤ አጭር አጭር ነው። ብርክቲን እስከ ነገ ትቆያለች ወይ ብላት፣ አላውቅም አለችኝ፤ አትዋሽም እሷ። እንቅልፍ እስኪወስዳት ድረስ ስትራገም ነበር፤ መሬት ይዋጥሽ፣ ጅብ ይብላሽ ስትለኝ። ትርገመኝ። ብቻ ነገም ተነስታ ትርገመኝ።